ግልባጭ ማስቀመጥና ግልባጭ መመለስ

በመሥሪያ ቤት ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ደብዳቤ ተጽፎ ሲወጣ ዋናው ለተጻፈለት ይላካል፤ ግልባጩ ግን ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ጸሐፊዎችን ለማድከም አይደለም። ዋናው በመንገድ ቢጠፋ፥ ቢቃጠል ወይም ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ቢል፥ ጉዳዩ ከነማስረጃው እንዲገኝ ነው። መዝገብ ቤቱም የሚመሰገነው ብዙ ዶሴ በመደርደሩ ሳይሆን፥ የተፈለገውን ደብዳቤ በተፈለገበት ሰዓት አውጥቶ በመስጠቱ ነው።

በዛሬው ዘመን የመሥሪያ ቤት ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ነው። የደመወዝ መዝገብ፥ የተማሪዎች ውጤት፥ የንብረት ቆጠራ፥ የመመረቂያ ጽሑፍ፥ ይህ ሁሉ ከመዳፍ በማይበልጥ ዲስክ ላይ ያድራል። ዲስኩ የተበላሸ እንደሆነ ወይም አንድ ሠራተኛ በስሕተት አንዲት መሥመር ትእዛዝ የጻፈ እንደሆነ፥ የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ሰከንድ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፥ በዩኒክስና የዩኒክስን ጠባይ በተከተሉ ኮምፒዩተሮች ላይ መጠባበቂያ ግልባጭ እንዴት እንደሚወሰድ፥ ይልቁንም የተወሰደው ግልባጭ እንዴት እንደሚመለስ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒክስና የፋይል ሥርዓቱ

ዩኒክስ የኮምፒዩተሩ ብረት ስም ሳይሆን፥ ብረቱን የሚያዝዘው ዋና ፕሮግራም ስም ነው። በ1969 ዓ. ም. በአሜሪካ፥ በኒው ጀርሲ በሚገኘው በቤል የምርምር ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጀመሩት። በ1991 ዓ. ም. ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የዩኒክስን ጠባይ ተከትሎ ሊኑክስን መጻፍ ጀመረ። ዛሬ ብዙዎቹ የኢንተርኔት ማዕከላዊ ኮምፒዩተሮች በሊኑክስ ይሠራሉ፤ በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ እንኳ እምብርቱ ሊኑክስ ነው።

በዚህ ሥርዓት ፋይል ሁሉ ከአንድ ሥር እንደ ወጣ የዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዞ ይገኛል፤ ሥሩም በአንዲት እዝባር ይጻፋል። የፋይሉ ስም የሚገኘው ዳይረክተሪ በሚባለው የስም ዝርዝር ውስጥ ነው። የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሆነ፥ ማን እንዲያነበው ማንስ እንዲጽፍበት እንደተፈቀደ፥ መቼ እንደተለወጠና ይዘቱ በዲስኩ በየትኛው ክፍል እንደተቀመጠ የሚነግረን ግን አይኖድ የሚባል ሌላ መዝገብ ነው። እንግዲህ ስሙ በአንድ ስፍራ፥ ጠባዩ በሌላ ስፍራ፥ ይዘቱም በሦስተኛ ስፍራ ነው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ግልባጭ የሚወስድ ሰው ይዘቱን ብቻ ሳይሆን ስሙን፥ ባለቤቱን፥ ፈቃዱንና ቀኑንም አብሮ መገልበጥ አለበት። ይህን ያልጠበቀ ግልባጭ፥ ፊርማውና ማኅተሙ እንደ ጠፋ ደብዳቤ ነው።

ፋይል ሲጠፋም የሚሆነው ይህን የተከተለ ነው። አር ኤም የተባለው የማጥፊያ ትእዛዝ በመጀመሪያ የሚፍቀው ስሙን ነው። የመጨረሻው ስም ሲፋቅና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሳይኖር ሲቀር፥ ይዘቱ የተቀመጠበት ክፍል ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። ትእዛዙ በተለመደው አጻጻፍ ሲታዘዝ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተጣለ የሚከማችበት ቅርጫትም የለውም። ዩኒክስ አዛዡን ያምናል፤ አዛዡም ሰው ስለሆነ ይሳሳታል።

መሣሪያዎቹ

የዩኒክስ ባለሙያዎች ይህን አደጋ ከጥንት ጀምሮ አልዘነጉትም። በ1975 ዓ. ም. በወጣው በስድስተኛው እትም ውስጥ ደምፕ የሚባል ፕሮግራም ይገኝ ነበር። ደምፕ የፋይል ሥርዓቱን አይኖድ በአይኖድ እያነበበ በማግኔት ቴፕ ላይ ይገለብጣል። ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ. ም. በሰባተኛው እትም ታር የተባለው ወጣ፤ የስሙም ትርጓሜ የቴፕ ማኅደር ማለት ነው። ታር ብዙ ፋይሎችን ከነስማቸው፥ ከነባለቤታቸውና ከነፈቃዳቸው እንደ አንድ ጥቅል አድርጎ ያስራል፤ እስከ ዛሬም ድረስ በየቀኑ ይሠራበታል። በ1996 ዓ. ም. ደግሞ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ አርሲንክን አወጡ። ይህ ፕሮግራም በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚልክ፥ ጊዜንና የመሥመር ወጪን ይቆጥባል።

ከእነዚህ ሁሉ አሠራሩን ማወቅ ለተማሪ የሚጠቅመው የደምፕ የደረጃ ዘዴ ነው። ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 9 ናቸው። ደረጃ 0 ማለት ሁሉንም ገልብጥ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ደግሞ፥ ከእርሱ ባነሰ ደረጃ ግልባጭ ከተወሰደበት ከመጨረሻው ቀን ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ገልብጥ ማለት ነው። ለምሳሌ እሑድ ደረጃ 0 ተወስዶ፥ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ደረጃ 1 ቢወሰድ፥ የእያንዳንዱ ቀን ግልባጭ ከእሑድ ጀምሮ የተለወጠውን ሁሉ ይይዛል። ግልባጩ ከቀን ወደ ቀን እየወፈረ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዓርብ ማታ ዲስኩ ቢሞት ለመመለስ የሚያስፈልገው የእሑድና የዓርብ ቴፕ ብቻ ነው።

ሰኞ 1፥ ማክሰኞ 2፥ ረቡዕ 3፥ ሐሙስ 4፥ ዓርብ 5 እያሉ ቢወስዱ ግን፥ የእያንዳንዱ ቀን ግልባጭ ቀጭን ይሆናል፤ ለመመለስ ግን ስድስቱን ቴፕ በየተራ ማንበብ ግድ ነው። በዚህ መካከል የረቡዕ ቴፕ የተበላሸ እንደሆነ፥ ረቡዕ ተጽፎ ከዚያ ወዲህ ያልተነካው ፋይል ከየትም አይገኝም። እንግዲህ በመገልበጥ ጊዜ የተቆጠበው ድካም በመመለስ ጊዜ ይከፈላል። ሥርዓቱን የሚመርጥ ኃላፊም «ለመገልበጥ የቱ ይቀላል?» ብሎ ሳይሆን፥ «በጭንቅ ቀን ለመመለስ የቱ ይቀላል?» ብሎ ሊጀምር ይገባል።

ሌላም ችግር አለ። ግልባጭ በሚወሰድበት ጊዜ ሠራተኞች ሥራቸውን አያቆሙም። ፕሮግራሙ የመዝገቡን መጀመሪያ ገልብጦ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፥ መጀመሪያው ተለውጦ ሊቆይ ይችላል። የቀድሞ ባለሙያዎች ተጠቃሚዎችን ሁሉ አስወጥተው፥ የፋይል ሥርዓቱን ከሥራ ለይተው ይገለብጡ ነበር። ዛሬ ስናፕሾት የሚባል ዘዴ አለ፤ ይኸውም የፋይል ሥርዓቱ በአንዲት ቅጽበት የነበረበትን መልክ እንደ ፎቶግራፍ ይዞ፥ ግልባጩ ከዚያ ላይ እንዲወሰድ ማድረግ ነው። ለዳታቤዝ ደግሞ፥ ዳታቤዙ ራሱ በሚሰጠው የመገልበጫ ፕሮግራም መጠቀም ይሻላል።

ግልባጭ የሚመስሉ ነገሮች

ብዙ ሰው ግልባጭ ያልሆነውን ግልባጭ እያለ ይታለላል። ከእነዚህ አንዱ ሬይድ የሚባለው፥ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዲስኮች አንድ ላይ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራው በሌላው ስለሚቀጥል ዘዴው ጠቃሚ ነው። ዳሩ ግን ሠራተኛው ፋይሉን ካጠፋው፥ በሁለቱም ዲስክ ላይ በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። መስተዋት የፊታችንን ቁስል አያድንም፤ ያሳያል እንጂ። አርሲንክም ቢሆን፥ «በመነሻው የሌለውን ከመድረሻውም አጥፋ» የሚለው ምርጫ ተጨምሮበት በየሌሊቱ የሚሠራ ከሆነ፥ የቀኑን ስሕተት ማታ በታማኝነት ይገለብጠዋል። ስለዚህ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የትናንቱን፥ የባለፈውን ሳምንትና የባለፈውን ወር መልክ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ተማሪዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ፍላሽ ዲስኮች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት በዊንዶውስ ዘንድ በተለመደ የፋይል ሥርዓት ነው፤ ይህም የዩኒክስን ባለቤትነትና ፈቃድ አይመዘግብም። ስለዚህ ፋይሎቹን በቀጥታ ወደ ፍላሹ ከመገልበጥ፥ አስቀድሞ በታር አስሮ ጥቅሉን መገልበጥ ይሻላል። ጥቅሉ ሲፈታ ፋይሎቹ የቀድሞ ጠባያቸውን ይዘው ይነሣሉ።

ከሌሎች የደረሰው ትምህርት

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። በ1998 ዓ. ም. በአሜሪካ የፒክሳር ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን የሥዕል ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ፥ የማጥፊያው ትእዛዝ ፊልሙ በተቀመጠበት ስፍራ ላይ ታዘዘ። ሠራተኞቹ ፋይሎቹ በዓይናቸው ፊት ሲጠፉ አዩ፤ ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ሲያቆሙትም ከፊልሙ ከመቶ 90 የሚሆነው ጠፍቶ ነበር። ወደ መጠባበቂያው ሲሮጡ ደግሞ፥ ግልባጩ በደንብ ሳይወሰድ መቆየቱን አወቁ። ፊልሙን ያዳነችው ገሊን ሰስማን የተባለች የቴክኒክ ኃላፊ ናት። ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለነበር፥ በቤቷ ባለው ኮምፒዩተር የፊልሙ ግልባጭ ነበራት። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት። ፊልሙም በ1999 ዓ. ም. ለሕዝብ ታየ። ኩባንያው የዳነው በሥርዓቱ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጊትላብ ነው፤ ይህ ድርጅት የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ይሰጣል። በ2017 ዓ. ም. በጃንዋሪ 31 ሌሊት አንድ ሠራተኛ እየመሸበት በዳታቤዙ ላይ የተነሣውን ችግር ለማስተካከል ይደክም ነበር። በተጠባባቂው ኮምፒዩተር ላይ ያለ መስሎት፥ በዋናው ኮምፒዩተር ላይ የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈ። በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ስሕተቱን ዐውቆ አቆመው። ይሁን እንጂ 300 ጊጋባይት ያህል ከነበረው የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

ድርጅቱ መጠባበቂያ አልነበረውም እንዳይባል፥ አምስት ዓይነት ዘዴ ነበረው። ነገር ግን ግልባጩ ይከማችበታል የተባለው ስፍራ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ለምን ቢሉ፥ ዳታቤዙ የፖስትግሬስ 9.6 እትም ሲሆን፥ የመገልበጫው ፕሮግራም ግን የ9.2 እትም ስለነበረ ሥራው በየቀኑ ሳይፈጸም ይቀር ነበር። መሣሪያው ይህን በኢሜይል ሊያስታውቅ ሞክሯል፤ ኢሜይሉ ግን ማረጋገጫ ፊርማ ስለሌለው በተቀባዩ በኩል ተመልሷል። እንዲያውም የቀረው ያንኑ ዕለት፥ ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ፥ ለሌላ ሥራ ተብሎ የተወሰደ አንድ ስናፕሾት ነበር። ከዚያ ላይ ለመመለስ 18 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በመካከል የነበረው የስድስት ሰዓት ሥራ ግን አልተመለሰም። ድርጅቱ ነገሩን ሳይደብቅ ለሕዝብ ገልጾ፥ ጥፋቱን በአንድ ሠራተኛ ላይ ሳይጭን፥ ግልባጩን በየጊዜው እየመለሰ የሚፈትሽ ኃላፊ አለመኖሩን እንደ ዋና ጉድለት ቆጠረው። ይህ የሚያስመሰግን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። በ2021 ዓ. ም. በዲሴምበር ወር በጃፓን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፥ የምርምር ሥራ የተከማቸበት ታላቅ ኮምፒዩተር 77 ቴራባይት የሚሆን፥ በቁጥርም 34 ሚሊዮን ያህል ፋይል አጣ። የ14 የምርምር ቡድኖች ሥራ ሲነካ፥ የ4ቱ ቡድኖች ከግልባጭ ሊመለስ አልቻለም። ያጠፋው ሌባ ወይም እሳት ሳይሆን፥ ግልባጭ የሚወስደው ፕሮግራም ራሱ ነው። የዩኒክስ ሼል የትእዛዝ ጽሑፍን በአንድ ጊዜ ሁሉን አንብቦ አይጨርስም፤ እየሠራ ጥቂት በጥቂት ያነባል። ባለሙያዎቹ ፕሮግራሙ በመሥራት ላይ ሳለ አዲሱን ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ጻፉበት። ፕሮግራሙም ከመካከል ጀምሮ አዲሱን ሲያነብ፥ የትኛውን ስፍራ እንደሚያጸዳ የሚናገረው ቃል ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ስለዚህ ያረጁ የሥራ መዝገቦችን እንዲያጠፋ የታዘዘው፥ የተመራማሪዎቹን ፋይል ማጥፋት ያዘ። ሥርዓቱን ያቀረበው ኩባንያ ኃላፊነቱ የእርሱ መሆኑን አምኗል፤ የአራቱ ቡድኖች ድካም ግን ሳይመለስ ቀረ።

በመልካም የተፈጸመም ምሳሌ አለ። በ2011 ዓ. ም. በፌብሩዋሪ መጨረሻ የጉግል ኢሜይል ተጠቃሚዎች ከሆኑት መካከል ከመቶ 0.02 የሚሆኑት፥ ማለት ከ10 ሺሕ ሰው 2 ያህሉ፥ የመልእክት ሣጥናቸው ባዶ ሆኖ አገኙት። በአንድ የፕሮግራም ጉድለት ምክንያት በልዩ ልዩ ስፍራ ያሉት ግልባጮች አብረው ተነክተው ነበር። ኩባንያው ግን በቴፕ ላይ የተጻፈና ከመሥመር የተለየ ሌላ ግልባጭ ስለነበረው፥ መልእክቶቹን ከዚያ መለሰ። ቴፕ ያረጀ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ይህን ያስታውስ። በቀድሞው ጊዜ 2400 ጫማ የሚረዝም አንድ ቴፕ የሚይዘው 40 ሜጋባይት ያህል ነበር፤ በ2021 ዓ. ም. የወጣው የኤል ቲ ኦ 9 ቴፕ ግን 18 ቴራባይት ይይዛል። ከመሣሪያው ወጥቶ በቁም ሣጥን የተቆለፈ ቴፕ በስሕተት ትእዛዝ አይጠፋም፤ በመሥመር የሚገባ ሽፍታም አይደርስበትም።

እንዴት ይመለሳል?

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ተመልሶ ያልታየ ግልባጭ ተስፋ ነው እንጂ ግልባጭ አይደለም። ፒክሳርም ጊትላብም ግልባጭ አለን ይሉ ነበር፤ እንደሌላቸው ያወቁት በቸገራቸው ቀን ነው። እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። እንግዲህ መመለስን በሰላሙ ቀን መለማመድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፥ ኃላፊው ሁለት ቁጥር ይወስን። የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋብን እንችላለን? ሥራው እስኪመለስስ ስንት ሰዓት ልንታገሥ እንችላለን? የመጀመሪያው ግልባጭ በየስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይነግረናል፤ ሁለተኛው በምን ዘዴ እንደሚወሰድ። ቀጥሎ ብዙ ባለሙያዎች 3፥ 2፥ 1 የሚሉትን ደንብ ይያዝ። ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ከሕንፃው ውጭ በሌላ ስፍራ ይደር። ዋናውና ግልባጩ በአንድ ክፍል ካደሩ አንድ እሳት ለሁለቱም ይበቃል።

ሁለተኛ፥ በወር አንድ ጊዜ ሳይታሰብ አንድ ፋይል ተመርጦ ከግልባጩ ይመለስ። በሚመለስበትም ጊዜ በነበረበት ስፍራ ላይ ሳይሆን በሌላ ዳይረክተሪ ይፈታ፤ ከዋናው ጋር ተመዛዝኖ አንድ መሆኑ ይታይ። በደህናው ፋይል ላይ አሮጌውን ግልባጭ መልሶ መጻፍ ራሱ ጥፋት ነውና።

ሦስተኛ፥ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉው ሥርዓት በባዶ ዲስክ ላይ ይመለስ። ኮምፒዩተሩ ከሌላ ማስነሻ ይነሣል፤ ባዶው ዲስክ ይከፈላል፤ አዲስ የፋይል ሥርዓት ይዘጋጅለታል፤ ከዚያ ደረጃ 0 ይመለሳል፤ ቀጥሎ የቀሩት በየተራቸው። በዚህ ልምምድ ብዙ የተሰወረ ነገር ይገለጣል። ለምሳሌ ዩኒክስ የፋይሉን ባለቤት የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ በአዲሱ ኮምፒዩተር የሠራተኞቹ ቁጥር ተለዋውጦ ከተገኘ፥ የአንዱ ፋይል በሌላው ስም ሊነሣ ይችላል። ግልባጩ በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ ከሆነም፥ ቁልፉ በዚያው በሞተው ዲስክ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይገኝ ይሆናል። ይህን በልምምድ ቀን ማወቅ ትምህርት ነው፤ በአደጋ ቀን ማወቅ ግን ኀዘን ነው።

አራተኛ፥ የመመለሻው አሠራር ተራ በተራ በወረቀት ይጻፍ። በቴፑ ላይ ቀኑ፥ ደረጃውና የኮምፒዩተሩ ስም ይለጠፍ። ያ ወረቀት ሥራውን ለማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ተሰጥቶት፥ ያለ ረዳት መመለስ ከቻለ በእርግጥ ተጽፏል ማለት ነው። ሁሉን የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ፥ እርሱ የታመመ ወይም የተዛወረ ቀን መሥሪያ ቤቱ ግልባጭ የለውም። ደግሞም ዝምታን እንደ መልካም ወሬ መቁጠር አይገባም። ግልባጩ ሳይወሰድ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ሲወሰድም በየቀኑ ወሬው ይምጣ፤ መጠኑም ይታይ። ትናንት 40 ጊጋባይት የነበረው ዛሬ ባዶ ከሆነ፥ ዛሬውኑ መጠየቅ ነው።

ለወጣቱ ሠራተኛ

ይህ ሥራ ታይቶ የሚጨበጨብለት አይደለም። ግልባጭ በሚገባ የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ምንም ነገር ያልደረሰበት ይመስላል። ገንዘብ ያዡም ሁለተኛ ዲስክ ለምን እንደሚገዛ፥ አለቃውም ለልምምድ ለምን ግማሽ ቀን እንደሚጠፋ ሊጠይቁ ይችላሉ። መልሱ ግን ቀላል ነው። በዲስኩ ላይ ያለው ሥራ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጡረታው የሚቆጠርለት የሽማግሌው፥ ውጤቷ የሚጠበቅላት የተማሪዋ፥ ድንበሩ የተመዘገበለት የገበሬውም ነው። እነርሱ ዩኒክስ ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ መዝገባቸው ሲጠፋ የሚያለቅሱት ግን እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ በማናቸውም መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የተረከበ ወጣት፥ «ግልባጭ አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አዎን» ሲባል ረክቶ አይቀመጥ። «ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው መቼ ነው? የመለሰውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያጣ እንደሆነ፥ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ የመጀመሪያ ሥራው ባዶ ዲስክ ፈልጎ መሞከር ይሁን።